የአራት ሰዓቷ ጉብታ

ሰው የቤቱን መብራት በስልኩ እየተከታተለ እንዲመዘግብ ምን ያነሣሣዋል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከመካነ ኢየሱስ እስከ ደብረ ታቦር ከእኔ የተሻለ መላሽ አታገኙም። መልሱን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በአንድ ሁዳዴ፣ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ ምክንያት ተዋርጄ ነው ያገኘሁት። በውርደት የተገኘ ትምህርት ደግሞ አይረሳም፤ ይኸው ስንት ዓመት አልፎ እንኳ ነገሩ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ፊቴን እሸፍናለሁ።

በመጀመሪያ ግቢውን ላሳያችሁ። ባለቤቷ እትዬ ማንጠግቦሽ ይባላሉ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከዋናው ቤት ጎን ሦስት ክፍል ሠርተው ያከራያሉ። በአንደኛው የፊዚክስ መምህሩ ጌትነት፣ በሁለተኛው ልብስ ሰፊዋ ስንዱ፣ በሦስተኛው እኔ እንኖራለን። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የሌላውን ሰው ፋይል በሥርዓት አስቀምጣለሁ፤ የራሴ ካልሲ ግን ጥንድ ሆኖ ተገኝቶ አያውቅም።

ለአራት ቤት ያለን ቆጣሪ አንድ ነው። በሩ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ጥላ ተሠርቶለት፣ ግንድ ላይ ተቸንክሯል። አንድ ቆጣሪ ለአራት ቤት ማለት አንድ በሬ ለአራት ገበሬ ማለት ነው፤ ሁሉም ያርስበታል፣ ሁሉም ግን ያደከመው ሌላው ነው ይላል።

ስለ መብራት ቁጠባ በዚያ ግቢ መጀመሪያ የሰበክሁት እኔ ነበርሁ። ደብረ ታቦር ሁለት ቀን ሥልጠና ወስጄ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጥቶኝ፣ ሁሉንም ሰብስቤ ስለ አገር ጥቅም፣ ስለ መጪው ትውልድ፣ ስለ ወንዝና ስለ ግድብ አስረዳሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና፣

«መልካም ብለሃል ልጄ። መብራቱ መጀመሪያ ይምጣና እንቆጥበዋለን» አሉ። እውነትም ስሰብክ የነበረው በኩራዝ ነበር።

ከዚያ በወሩ ገደማ ጌትነት ባሕር ዳር ደርሶ ሲመለስ በስልኩ አንድ አፕ ጭኖ መጣ። ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ስትሞሉለት፣ በየትኛው ሰዓት ስንት መብራት እንደበላችሁ በመስመር ሥሎ ያሳያል፤ መስመሩ ብዙ ስትበሉ ይወጣል፣ ስትቆጥቡ ይወርዳል። እትዬ ማንጠግቦሽ አዩና «የተማረ ይግደለኝ!» አሉ።

ይህች አንዲት ቃል አንጀቴን አሳረረችው። ሁለት ቀን የሠለጠንሁት፣ ደብተር የተሰጠኝ እኔ ሆኜ ሳለ፣ «የተማረ» የተባለው ሌላ ሰው! እንግዲህ ጥያቄውን አትርሱት፤ ሰው እንዲህ ያለውን አፕ ለምን ይጭናል ነው ያልነው። አገር ትዝ ብሎኝ አልጫንሁትም። ግድብም ትዝ አላለኝም። በዚያው ምሽት ጌትነትን ለምኜ፣ ከስልኩ ወደ ስልኬ አስተላልፎልኝ፣ ከእሱ በለጥሁ ለመባል ብቻ ጫንሁት።

ጌትነት ጠዋትና ማታ ነበር የሚመዘግበው። እኔ በቀን ስድስት ጊዜ ጀመርሁ። ጎሕ ሲቀድ ቆጣሪው ፊት ቆሜ እመዘግባለሁ፤ በአራት ሰዓት የሻይ እረፍት ከቢሮ ሮጬ መጥቼ እመዘግባለሁ፣ ወደ ቢሮ ስመለስም ደግሜ እመዘግባለሁ፤ በዘጠኝ፣ በአሥር፣ ከመኝታ በፊትም እንዲሁ። በዚያ ሰሞን ለመንግሥት ሥራ የቀረኝ ሰዓት ብዙ አልነበረም። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ግንዱ ፊት አንገቴን ደፍቼ ሲያዩኝ ጸሎት ላይ ያለሁ እየመሰላቸው ራቅ ብለው ያልፉ ነበር።

እንዲህ እያልሁ ሁዳዴ ገባ።

በእኛ አገር በሁዳዴ የሥራ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ፣ እህል የሚቀምስ የለም። ቢያንስ ሲቀምስ የሚታይ የለም። እኔም በየዓመቱ እየተንገዳገድሁም ቢሆን እጾም ነበር፤ ቢሮ ውስጥ የሚበላ ነገር ስለሌለ መጾም ቀላል ነው። በዚያ ዓመት ግን በአራት ሰዓት ለቆጣሪው ብዬ ቤት እመጣለሁ። ቤት ከመጣሁ ደግሞ ሽሮው ከመደርደሪያው ላይ ሆኖ ያየኛል፤ አንድ ዓይና የኤሌክትሪክ ስቶቬም ከሥሩ ተቀምጣለች። ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ አንድ ሰኞ፣ ለጨጓራዬ ብዬ አንድ ጉርሻ አደረግሁ። ማክሰኞ ጨጓራዬ ሁለት ጉርሻ ፈለገ። ረቡዕ ጨጓራዬ ሙሉ እንጀራ ይበላ ጀመር። በሬን ዘግቼ እበላለሁ፣ አፌን እጠርጋለሁ፣ ወጥቼ ቁጥሩን በጥንቃቄ እመዘግባለሁ፣ ወደ ቢሮዬ እሄዳለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ሌባ የራሱን ክስ በራሱ እጅ ሲጽፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያውም ሰዓትና ደቂቃ ሳይቀር!

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም እትዬ ማንጠግቦሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ ስልኬን አወጣሁ። «ጌትነት ጠዋትና ማታ ይመዘግባል። የእኔን የሳምንቱን ተመልከቱ» አልሁ ኮራ ብዬ። ራሴም ገና ማየቴ ነበር።

እትዬ ማንጠግቦሽ ፊደል አልቆጠሩም፤ ተራራና ሜዳ ለማንበብ ግን ማን ያህላቸዋል። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ ነዱት።

«ይኼ ትልቁ ምንድን ነው? የጉናን ተራራ አይመስልም?»

«እሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው እትዬ። ከቅዳሴ ወጥቶ ሁሉም ሰው ምድጃውን የሚለኩስበት።»

«እሺ። ይቺ ከጉና በፊት ያለችዋ ጉብታስ?»

አየሁ። ሰኞ አለች። ማክሰኞ አለች፣ ትንሽ አድጋለች። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብም አለች። ከአራት ሰዓት ተነሥታ ወደ አምስት ትወርዳለች።

«አራት ሰዓት ነው» አለ ጌትነት በእኔ ፈንታ፣ ተንጠራርቶ አይቶ። «በየቀኑ በአራት ሰዓት አንድ ሰው ምግብ ያበስላል ማለት ነው።»

«በጾም?» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ብድግ ብለው። «በእኔ ግቢ? በአራት ሰዓት?» ከሁላችንም ቀድመው የጮኹት እሳቸው ነበሩ፤ ጩኸታቸው እስከ ታችኛው ሰፈር ተሰማ። ሁለተኛ ሆኜ የጮኽሁት እኔ ነኝ። «ይኼማ ነውር ነው! ማን ነው ይኼ ሰው?» አልሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በቁጣ ብዛት ጉልበቴን በቡጢ መታሁ።

በዚያ ሳምንት የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። አገር ብዬ፣ ትውልድ ብዬ ስሰብክ ያዛጋ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ደጄ ላይ ተሰለፈ። «ጎረቤት ጾም ሲገድፍ የሚናገር ነገር አለ አሉ፤ ለእኔም ጫንልኝ» ይላል አንዱ። አንዲት ሴት ስለ ምራታቸው ጥርጣሬ ነበራቸው። ከወገዳ ዘመድ ጥየቃ የመጣ አንድ ሰውዬ ሳይቀር ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ «ቤቴ እንኳ መብራት የለም። ለማንኛውም ጫንልኝ» አለኝ። ጫንሁለት።

ጥርጣሬው ግን አንድ ሰው ላይ ሄዶ ወደቀ። እኔና ጌትነት በአራት ሰዓት «ሥራ ላይ» ነን፤ እኔ ብቅ ብል እንኳ ቁጥር ልመዘግብ እንጂ ልበላ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። ግቢ የሚውሉት እትዬ ማንጠግቦሽና ስንዱ ናቸው። እትዬ ማንጠግቦሽ እንዳልሆኑ እትዬ ማንጠግቦሽ ራሳቸው መሰከሩ። ቀረች ስንዱ።

ስንዱ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አድርጋ ስድስት ዓመት የሰፋች፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። የካህናቱን ቀሚስ፣ የማኅበርተኛውን ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። ቤት ብትለቅ ሌላ ቤት አታጣም፤ «ጾም ገድፋ ተባረረች» ከተባለች ግን የማን ካህን ቀሚስ እጇ ይገባል? እንጀራዋ በዚያች ጉብታ ላይ ተንጠለጠለ።

«እኔ ያለኝ የከሰል ካውያ ነው። ከመብራቱ የምጠቀም አንዲት አምፖል ናት። አምፖል ላይ ሽሮ ይሠራል እንዴ?» አለች መርፌዋን ከአፏ አውጥታ።

«ዘመኑ አይታመንም» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

ጌትነት ተነሣ። «በሳይንስ ሰው በግምት አይወነጀልም። የስንዱ መስመር ለአንድ ሳምንት ይቆረጥ። ጉብታዋ ከጠፋች ጥፋተኛዋ እሷ ናት፤ ካልጠፋች ነፃ ናት።»

«ከጠፋችማ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ «ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲያ በዚህ ግቢ አላያትም።» በነጋታው መስመሩ ተቆረጠ።

እንግዲህ የእኔን ጭንቅ ተመልከቱ። ብጾም ጉብታዋ ትጠፋለች፤ ጉብታዋ ስትጠፋ ስንዱ ትባረራለች። ብበላ ጉብታዋ ትኖራለች፤ ስንዱም ነፃ ትወጣለች። በክርስትና ታሪክ ለሰው ነፍስ ብሎ የጾመ ሞልቷል፤ ለሰው ነፍስ ብሎ የገደፈ ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም።

«ዝም ብለህ ለምን እውነቱን አልተናገርህም?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን «ማን ነው ይኼ ሰው?» ብዬ ጉልበቴን በቡጢ የመታሁት እኔ ነኝ፤ ፈራሁ። ስለዚህ ሰኞ በአራት ሰዓት ሽሮ ሠራሁ። ማክሰኞ ምስር ደረብሁ። ረቡዕ ጉብታዋ ታንስና ስንዱን ታስበላት ይሆን ብዬ ስለሰጋሁ፣ እሳት የሚወድ ነገር አስቤ የባቄላ ንፍሮ ጣድሁ። ባቄላ አይበስልም፤ እኔ ደግሞ ሳይበስል መሄድ አልችልም። ሐሙስና ዓርብ ሁሉንም በየተራ ሠራሁ። የሠራሁትን መድፋት ደግሞ በእህል መቀለድ ነው፤ በላሁ። ላብ እያጠመቀኝ፣ ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ለስንዱ ስል በላሁ። ስቶቩን ባዶውን መለኮስ፣ ወይም ውኃ ብቻ መጣድ እንደሚበቃ የታየኝ ሁዳዴው ካለቀ በኋላ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

እሑድ ደረሰ። የንስሐ አባታችን ቄስ ሞገስ ለጠበል ርጭት መጥተው ነበርና እሳቸውም ከእኛ ጋር ተቀመጡ። ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የአራት ሰዓቷ ጉብታ ጉናን በልጣ ሰማይ ነክታለች።

«ስንዱ ነፃ ናት» አለ ጌትነት እንደ ዳኛ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ከሁሉም በላይ ደነገጡ። «እንዴት ይሆናል? በዚህ ሳምንት እኮ...» ብለው ጀመሩና ተውት። ከዚያ ድንገት ወደ ጌትነት ዞሩ። «አንተ ነህ! በል በል፣ ሙከራ ምናምን የምትል፤ ሰው በሌለበት እየመጣህ...»

«እኔ? በአራት ሰዓት ክፍል ውስጥ ነኝ እትዬ! ተማሪዎቹ ይመስክሩ!»

እኔ ምን አደረግሁ? ዝም አልሁ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ «የተማረ ይግደለኝ» የተባለለት ሰው ሲንተባተብ ማየት በመጠኑ ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚህ መሀል ስንዱ ከበረንዳው ጠራችኝ። ለፋሲካ ሱሪ እየሰፋችልኝ ነበር፤ ልትለካኝ ፈልጋ ነው። ሜትሯን በወገቤ ዙሪያ አዞረችና ቁጥሩን አይታ ለአፍታ ቆመች።

«በቅበላ ስለካህ ከዚህ ሁለት ጣት ታንስ ነበር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በሁዳዴ ወገቡ የሚሰፋ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«አውቀሻል?»

«ካወቅሁ ሁለት ሳምንቴ። በአራት ሰዓት በደጄ ነው የምታልፈው፤ ስትገባ በሩጫ ነው፣ ስትወጣ በእርጋታ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ልትባረሪ ነበር እኮ!»

«ምላስም ይጾማል ይባል የለ?» አለችና ሜትሯን ጠቀለለች። «ደግሞ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁ።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ እንደዚያች «ጠበቅሁ» የወጋኝ ግን የለም። ሳምንቱን ሙሉ ለእሷ ስል የበላሁ እየመሰለኝ ራሴን እንደ ሰማዕት ሳይ ነበር። ለካ እሷ ነበረች በጨለማ እየሰፋች ለእኔ ስትል የጾመችው። አፈርሁ። እግሬ ሳያስፈቅደኝ ወደ ደጃፉ ወሰደኝ፤ ጌትነት አሁንም እየማለ ነበር።

«አባ» አልሁ ቄስ ሞገስን፣ «ጉብታዋ እኔ ነኝ።»

ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ንፍሮውን ሁሉንም ተናገርሁ።

«ሁሉንም አንተ ነህ? ብቻህን?» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

«ሁሉንም እኔ ነኝ እትዬ።»

«እሰይ!» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው። ወዲያው ደግሞ ፊታቸውን አጨልመው፣ ስለ ዘመኑ ወጣት፣ ስለ ሆድ፣ ስለ ገሃነም እሳት ሲመክሩኝ ጀንበር አዘቀዘቀች። ልባም ሴት ናቸው አልሁ በሆዴ፤ ሰው ሲናዘዝ «እሰይ» የሚል ስንት አለ?

ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን አሳለሙኝ። «እኔ ዘንድ ኃጢአት የሚመጣው በቃል ነበር» አሉ እየሳቁ። «እናንተ በሥዕል አመጣችሁልኝ። በል ይቅር ይበልህ፤ በየቀኑ አርባ አርባ ስገድ፤ ስንዱንም እግሯ ላይ ወድቀህ ይቅርታ ጠይቅ።» ወደቅሁ። ስንዱ «ተነሥ፣ ሱሪህ ይተረተራል» ብላ አነሣችኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጌትነት ግን ሳይንስ ይዞት «የአንድ ሳምንት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ጉብታዋ መጥፋቷን እንይ» አለ። እትዬ ማንጠግቦሽ «አሁን ምን ያደርጋል? ተናዘዘ አይደል?» ብለው ተከላከሉልኝ። ደግነታቸው አንጀቴን በላው። እኔ ግን ንጹሕነቴን ማሳየት ስለጓጓሁ እሺ አልሁ። ዳግመኛ እንዳልፈተን በአራት ሰዓት ቤት አልመጣም፤ ቁጥሩን ስንዱ ከቆጣሪው እያየች በወረቀት ጽፋ ታቆይልኛለች። ሳምንቱን ከቢሮ ሳልነቃነቅ፣ አንጀቴ እየጮኸ፣ እስከ ዘጠኝ ጾምሁ። ማታ ማታ አርባዬን ሰገድሁ። ስንዱ ሁለት ጣት ያሰፋችው ሱሪ በሳምንቱ መጨረሻ ከወገቤ ይንሸራተት ጀመር።

በሆሳዕና ዕለት ዘንባባችንን ጣታችን ላይ አስረን ያው ደጃፍ ላይ ተሰበሰብን። የስንዱን ወረቀት ወደ ስልኬ እየገለበጥሁ ሞላሁ። መስመሩ ተሣለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉና እንደ ወትሮው ቆሟል። ከጉና በፊት፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ጉብታዋ አለች። አጥራለች፣ ቀጥናለች፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን አንድም ቀን አልቀረችም።

ጌትነት ክፍል ውስጥ እንደነበር ተማሪዎቹ ይመሰክራሉ። እኔ ቢሮ ነበርሁ፤ ሱሪዬ ይመሰክራል። የስንዱ መስመር ገና አልተቀጠለም። ጌትነት በጣቱ ቤቶቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረና ጣቱ አራተኛው ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ ኪሱ ከተታት። ስንዱ አንገቷን ደፍታ ያልተጨማደደ ጨርቅ ታስተካክላለች።

ሰው እንዲህ ያለውን አፕ የሚጭነው የጎረቤቱን ጉብታ ሊያይ ነው። መቼ እንደሚያጠፋው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ገባኝ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ስልኩን ተቀብለውኝ አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት። ከዚያ ዘንባባቸውን አስተካክለው፣ እንደ እናት ባለ ለስላሳ ድምፅ፣

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይኼን ነገር ከስልክህ አጥፋው። መብራት ይበላል።»